ጥቅምት 30 የት ገባ? የመሞከሪያ መረጃ ታሪክ ከሞርሳ እስከ ቦንጋ

እስቲ በቀላል ጥያቄ እንጀምር፦ ጥቅምት 30 የሚባል ቀን አለ?

«ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው!» እንደምትሉ ይገባኛል። ከጳጉሜን በስተቀር የእኛ ወሮች በሙሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን አላቸው፤ ጥቅምትም ከእነሱ አንዱ ነው። ለከፋ ዞን ሰው ደግሞ ጥቅምት ዝም ብሎ የሚያልፍ ወር አይደለም፤ ቡና ቀልቶ የሚለቀምበት ወቅት ነው።

አሁን አንድ ነገር በሐሳባችን እንፍጠር። ቦንጋ አካባቢ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር አለ እንበል። ገበሬው ያስረከበውን ቡና ሲመዘግብ የኖረው በትልቅ ደብተር ነበር። ከዚያ ሶፍትዌር ተሠራለት፤ መዝገቡም ወደ ዳታቤዝ ገባ። ዳታቤዝ ማለት መረጃ በሠንጠረዥ፣ በረድፍና በዓምድ ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ቋት ነው። መዝጋቢዋ ጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጣውን ቡና ልታስገባ «2014-02-30» ብላ ጻፈች፤ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነዋ! ኮምፒውተሩ ግን «እንዲህ የሚባል ቀን የለም» አላት።

ለምን? ዳታቤዙ ቀን ለማስቀመጥ ያዘጋጀው ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ እሱም በ2014 ያለው 28 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 29ም ጥቅምት 30ም የሉም። ጳጉሜንማ ጭራሽ አይታሰብም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም።

ልብ በሉ፣ ይሄ ደጉ ስህተት ነው። ጮኾ እምቢ ብሏል፤ ሰው ያየዋል፤ ይስተካከላል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። መዝጋቢዋ ጥቅምት 28 የገባ ቡና «2014-02-28»፣ ኅዳር 1 የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ «2014-03-01» ብላ ብትጽፍ ዳታቤዙ ሁለቱንም በደስታ ይቀበላል። ገበሬው ክፍያውን ስንት ቀን ጠበቀ? ጣታችሁን ቁጠሩ፤ ሦስት ቀን። ኮምፒውተሩስ? አንድ ቀን ይላል። ማንም አልጮኸም፤ ሒሳቡ ግን ተሳስቷል። በዚያ ሒሳብ ላይ የክፍያ መዘግየት ቅጣት ቢታሰብበት፣ የተጎዳው ሰው መጎዳቱን እንኳ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ አንባቢ «ሠሪዎቹ ሶፍትዌሩን አልሞከሩትም እንዴ?» ይላል። ሞክረውታል እንበል። መቶ ሙከራ ጽፈዋል፤ መቶውም አልፏል። ችግሩ ለሙከራ የተጠቀሙባቸው ቀኖች በሙሉ 5፣ 10፣ 15 እያሉ የሚሄዱ ገራም ቀኖች መሆናቸው ነው። ሙከራው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። ጥያቄው የተጠየቀበት ዓለም ግን ቦንጋ አልነበረም።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ «ዓለም» ነው። ሶፍትዌር ሠሪዎች ስም አውጥተውለታል፤ ፊክስቸር ይሉታል። ታሪኩ ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል።

ከብረት ቤት የመጣ ቃል

ብረት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ አለ፤ ሞርሳ እንለዋለን። ብረቱ ካልተያዘ መሰርሰሪያው ያንሸራትተዋል፤ ቀዳዳው አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይሆናል። ፊክስቸር በፋብሪካ ቋንቋ የሞርሳ ዘመድ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ዕቃ ተብሎ የተሠራ መያዣ ነው። መቶ ዕቃ ቢመጣ መቶውንም በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ ይይዛል፤ ስለዚህ መቶው ቀዳዳ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎችም ሰሌዳ የሚለኩበትን መያዣ በዚሁ ስም ጠሩት። ሥራው በአጭሩ መደጋገም የሚቻልበትን ሁኔታ መፍጠር ነው።

ሶፍትዌር ውስጥ ይሄን ቃል ካስለመዱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ፕሮግራመር ኬንት ቤክ ነው። ቤክ ስሞልቶክ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ቀላል ሙከራ አጻጻፍ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። በጊዜው ብዙ ሰው ፕሮግራሙን የሚሞክረው እያስኬደ፣ ውጤቱን በዓይኑ እያየ፣ «ልክ ይመስላል» እያለ ነበር። የቤክ ሐሳብ ሙከራውም ራሱ ፕሮግራም ይሁን የሚል ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስኪደው፣ ራሱ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ይበል። ታዲያ ሙከራ ለመጻፍ በመጀመሪያ ምን ያስፈልጋል? ምን እንዳለበት በትክክል የሚታወቅ መነሻ ሁኔታ። እሱን ነው ፊክስቸር ያለው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ቤክና የስዊዘርላንዱ ኤሪክ ጋማ አትላንታ ወደሚደረግ ጉባኤ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ ብለው ያንኑ ሐሳብ ለጃቫ ቋንቋ ጻፉት። ጄዩኒት ተባለ። ከዚያ በኋላ ለፓይተን፣ ለፒኤችፒ፣ ለሌሎችም ቋንቋዎች ተመሳሳዮቹ ተሠሩ። የሁሉም አካሄድ አንድ ነው፦ አዘጋጅ፣ ሞክር፣ አጽዳ። እያንዳንዱ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት መነሻው ይዘጋጃል፤ ሲያልቅ ይፈርሳል። ቀጣዩ ሙከራ የራሱን ከዜሮ ያዘጋጃል።

ከፋ ውስጥ ይሄን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡና ቀማሾች ሲሠሩ አይታችሁ ከሆነ፣ ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው ሲሄዱ ማንኪያቸውን በሙቅ ውሃ ያለቀልቃሉ። ለምን? የመጀመሪያው ስኒ ጣዕም ሁለተኛው ላይ እንዳይፈርድ ነው። ፕሮግራመሩ «አጽዳ» የሚለው ያንን ማለቅለቅ ነው።

ዳታቤዝ አይረሳም

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ቤክና ጋማ ያሰቡት ሙከራ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል። ዳታቤዝ ግን የተፈጠረው እንዳይረሳ ነው። መብራት ቢጠፋም፣ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ቢከፈትም ያስታውሳል። ለማኅበሩ ይሄ በረከት ነው፤ ለሙከራ ግን ጣጣ ነው።

ምን ይሆናል መሰላችሁ? አንደኛው ሙከራ አዲስ ገበሬ ይመዘግባል። ሁለተኛው ሙከራ «የተመዘገቡት ገበሬዎች ሦስት ናቸው» ብሎ ያረጋግጣል። ሁለተኛው መጀመሪያ ከሄደ ያልፋል፤ አንደኛው ከቀደመ ግን አራት ይሆኑና ይወድቃል። ኮዱ አልተነካም፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተቀየረ። እንዲህ ዓይነት አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ ሙከራ የሠሪዎቹን እምነት ይበላል። «ኧረ እሱ ዝም ብሎ ነው የሚወድቀው» ማለት ከተጀመረ በኋላ እውነተኛው ስህተት ሲመጣም ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ስለዚህ ያለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ታሪክ በአብዛኛው ዳታቤዝን «እንዴት እናስረሳው?» የሚል ታሪክ ነው። አራት መንገዶችን እንይ።

የመጀመሪያው ከፋይል መጫን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለጃቫ ዲቢዩኒት የሚባል መሣሪያ መጣ፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ሠንጠረዦቹን ያጸዳና ፋይል ላይ የተጻፉትን ረድፎች መልሶ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዴንማርካዊው ዴቪድ ሃይንማየር ሃንሰን ሩቢ ኦን ሬይልስን ሲያወጣ ይሄ ልማድ በዓለም ተሰራጨ። ፕሮግራመሩ የመሞከሪያ ረድፎቹን ሰው በሚያነበው ተራ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱ ረድፍም ስም ያወጣለታል። «ፊክስቸር» ሲባል ዛሬ ብዙ ፕሮግራመር ቶሎ የሚታየው ይሄ ፋይል ነው።

ሁለተኛው እንዳልነበረ ማድረግ ነው። አሜሪካዊው ጂም ግሬይ ትራንዛክሽን የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ በማጎልበት የታወቀ ሳይንቲስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን አግኝቷል። ትራንዛክሽን ማለት ተያያዥ ለውጦችን አንድ ላይ ማሰር ነው፤ ወይ ሁሉም ይጸናሉ፣ ወይ ሁሉም ይሰረዛሉ። ባንክ ከአንዱ ሒሳብ አውጥቶ ሌላው ላይ ሳያስገባ እንዳይቀር የሚያደርገው እሱ ነው። የሙከራ ሰዎች ይሄን ለራሳቸው ተጠቀሙበት፦ ትራንዛክሽን ክፈት፣ የፈለግከውን መዝግብ፣ ሞክር፣ በመጨረሻ «ሁሉንም ሰርዝ» በል። ዳታቤዙ ምንም እንዳልሆነ ይመለሳል፤ ፈጣንም ነው። ግን ሁሉን አያስረሳም። በብዙ ዳታቤዞች ላይ የረድፍ ተራ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ ወደ ኋላ አይመለስም። «የመጀመሪያው ገበሬ ቁጥሩ 1 ነው» ብላችሁ የጻፋችሁት ሙከራ ነገ ይወድቃል።

ሦስተኛው ፋብሪካ ነው። ፋይሎቹ እየበዙ ሲሄዱ አዲስ ችግር መጣ። አንድ ፋይል ለመቶ ሙከራ ያገለግላል፤ ለአንዱ ብላችሁ አንድ ቁጥር ስትነኩ የሌሎቹ ሃያዎቹ ይወድቃሉ። ጄራርድ ሜስዛሮስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው የሙከራ መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን በሽታዎች በየስማቸው ዘረዘራቸው። አንዱን «ተሰባሪ ፊክስቸር» አለው። ሌላውን «ምስጢራዊው እንግዳ» አለው፤ ሙከራውን ስታነቡት መልሱ ለምን 170 እንደሆነ አይገባችሁም፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ፋይል ውስጥ ተደብቋል። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቶትቦት የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ዛሬ ፋክተሪ ቦት የሚባለውን መሣሪያ አወጣ። ፋብሪካው ሙሉ የሆነ ረድፍ በትእዛዝ ይሠራል፤ እናንተ የምትናገሩት ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። «አንድ ርክክብ ስጠኝ፤ ቀኑ ጥቅምት 30 ይሁን፤ ሌላው እንደ ልማዱ።» የሚያነበው ሰው ሙከራው ስለ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

አራተኛው አዲስ ዳታቤዝ ማስነሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዶከር ከመጣ በኋላ ሙሉ ዳታቤዝ በጥቂት ሰከንዶች አስነስቶ፣ ሞክሮ፣ መጣል ቀላል ሆነ። ስኒውን ከማጠብ አዲስ ስኒ እንደማምጣት ነው።

ከአራቱ የትኛው ይበልጣል? እንደ ሥራው ነው። አብዛኛው ቡድን ቀላቅሎ ይጠቀማል፦ የማይቀያየሩ ነገሮችን፣ እንደ ዞንና ወረዳ ዝርዝር ያሉትን፣ ከፋይል ይጭናል፤ ሌላውን በፋብሪካ ይሠራል፤ በመጨረሻ ሁሉንም ይሰርዛል።

ግን አስተውላችኋል? አራቱም መንገዶች የሚመልሱት «መረጃው እንዴት ይዘጋጅ፣ እንዴት ይጽዳ?» የሚለውን ነው። ጥቅምት 30ን ያጣነው በዚህ ምክንያት አልነበረም። «መረጃው ውስጥ ምን ይግባ?» የሚለውን የሚመልስ መሣሪያ የለም።

በሴራሊዮን የሚፈተን ዓለም

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንይ። ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል የጤና መረጃ ሥርዓት አለ። ሥሩ አፓርታይድ ባበቃበት ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው፤ ዛሬ የሚመራው ከኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲጠቀምበት ቆይቷል። ጤና ተቋማት በየወሩ ስንት እናቶች እንደወለዱ፣ ስንት ሕፃናት እንደተከተቡ የሚያሳውቁት በዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው።

ይሄ ሥርዓት ለሠርቶ ማሳያና ለሙከራ የሚጠቀምበት ዳታቤዝ አለው። የማን አገር ይመስላችኋል? የሴራሊዮን። ቦ፣ ቦምባሊ፣ ካይላሁን የሚባሉት አውራጃዎች አሉበት። በቦ አውራጃ ያለው የንገለሁን ጤና ጣቢያ በዓለም ዙሪያ ያሉ የዲኤችአይኤስ ፕሮግራመሮች በሙሉ የሚያውቁት ስም ሆኗል። ፍሪታውን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች «ንገለሁን ላይ ሞክረው» ይባባላሉ።

ይሄ ብልህ ምርጫ ነው። ከአገር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ታችኛው አስተዳደር፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርድ እውነተኛ ዛፍ ስላለው፣ «ክልል 1፣ ክልል 2» ከሚል ፈጠራ በጣም ይሻላል። ነገር ግን ሴራሊዮን የምትቆጥረው በፈረንጆቹ ቀን ነው፤ የምትጽፈውም በላቲን ፊደል ነው። ሥርዓቱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚቀበልበት ማስተካከያ አለው፤ ያንን ማስተካከያ በደንብ የሚፈትነው ረድፍ ግን ከሴራሊዮን ሊመጣ አይችልም። ጳጉሜንን የሚያውቅ ሰው ነው ጳጉሜንን የሚጽፈው።

ከፋ እንደ ፊክስቸር

እሺ፣ ከከፋ የሚመጣ የመሞከሪያ ዓለም ምን ይመስላል? ከቦንጋ አድራሻ እንጀምር። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች ከተማ ናት፤ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። አድራሻዋ ግን እንዲህ ተቀያይሯል፦

ድሮ፦ ከፋ ክፍለ ሀገር፤ ዋና ከተማው ጅማ።
ቀጥሎ፦ ከፊቾ ሸኪቾ ዞን፤ ደቡብ ክልል።
እ.ኤ.አ. በ2000 ዞኑ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ፦ ከፋ ዞን፤ ደቡብ ክልል።
ከኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፦ ከፋ ዞን፤ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል።

የመጨረሻው ለውጥ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የመጣ ነው፤ ቦንጋም የአዲሱ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። ደቡብ ክልል ራሱ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለሌሎች ክልሎች ቦታ ለቆ ከክልሎች ዝርዝር ወጣ።

አሁን ፕሮግራመር ሆናችሁ አስቡ። ብዙ ሶፍትዌር «ዞን» የሚለው ሠንጠረዥ ላይ «ክልል» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ያስቀምጣል። በ2014 ዓ.ም. አንድ ሰው «ደቡብ»ን አጥፍቶ «ደቡብ ምዕራብ» ብሎ ይጽፋል። በቃ፣ ተስተካከለ! ተስተካከለ? የ2010 ዓ.ም. ሪፖርት ሲከፈት የከፋ ቡና ያን ጊዜ ባልነበረ ክልል ስም ይወጣል፤ የደቡብ ክልል የዚያ ዓመት ድምር በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ከዚያ ደግሞ አንዱ ቅን ሰው «ደቡብ ክልልማ የለም» ብሎ ረድፉን ቢሰርዘው፣ በእሱ ላይ የተንጠለጠለው የድሮ መዝገብ ሁሉ ወይ ይጠፋል ወይ አይከፈትም።

ይሄን አስቀድሞ የሚይዘው ፊክስቸር ትንሽ ነው። አንድ ዞን፣ ሁለት ክልሎች፣ ሁለት ርክክቦች። አንደኛው ርክክብ ኅዳር 13 ቀን 2014፣ ሁለተኛው ኅዳር 14 ቀን 2014። ሙከራው «የመጀመሪያው በደቡብ፣ ሁለተኛው በደቡብ ምዕራብ ይቆጠር» ይላል። ስህተት ድንበር ላይ መቀመጥ ይወዳል፤ እናንተም እዚያው ጠብቁት።

ቀኖቹስ? ጥቅምት 30 ይግባ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ይግባ፤ ይሄ ቀን አለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ደግሞ ይግባና ሶፍትዌሩ እምቢ ይበል፤ ይሄ ቀን የለም። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪው 3 ሲሆን ብቻ ነው ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው። መስከረም 1 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ግን ሴፕቴምበር 12። ሁለቱም ይግቡ። የድሮ ሰነድ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩበትን እ.ኤ.አ. 1897ን የሚያህል ቀን ስትመልሱ፣ በዚያ ክፍለ ዘመን የእኛ ዓመት በተለምዶ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 10 ላይ ነበር። ፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. በ1900 አንድ ቀን ዘለሉ፤ እኛ አልዘለልንም። «ሁልጊዜ ይሄን ያህል ቀን ደምር» የሚል ኮድ እዚያ ላይ ይሰናከላል። እ.ኤ.አ. በ2100ም እንደዚሁ ይሆናል፤ ያኔ ከእናንተ አንዳንዱ አያት ሆኖ ያየው ይሆናል።

ሰዓትም አለ። ገበሬው «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አስረከብኩ» ካለና ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት አድርጎ ከወሰደው፣ መጋዘኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ገና ሳይነጋ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው።

ፊደልም ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ግን «ዓለሙ» ብሎ የተመዘገበውን «አለሙ» ብላችሁ ብትፈልጉት አያገኘውም። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለእሱ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የዞኑ ስም ራሱ «ከፋ»ም «ካፋ»ም ተብሎ ይጻፋል። የካፊ ኖኖ ቋንቋ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ስም በሁለት ፊደል ሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታ ያለበት ቅጽም ለእኛ አይሆንም፤ የሰው ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። በአባት ስም ፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ላይ ራሱን ፈልጎ የሚያገኝ ገበሬ የለም።

በመጨረሻ መለኪያ። ቡና በኪሎ ብቻ አይነገርም፤ በፈረሱላም ይነገራል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አሥር ፈረሱላ ተመዝግቦ ሪፖርቱ ላይ አሥር ኪሎ ሆኖ ከወጣ ገበሬው 160 ኪሎ ቡና አጣ ማለት ነው። እሸት ቡናና ጀንፈልም ክብደታቸው አይደመርም፤ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ ነው። ደመርኩ የሚል ሶፍትዌር ካለ ሙከራው ላይ መውደቅ አለበት።

«እውነተኛውን ብንገለብጥስ?»

ይሄን ሁሉ ስታነቡ «ለምን እንለፋለን? የማኅበሩን እውነተኛ ዳታቤዝ ገልብጠን አንሞክርበትም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ሁለት ችግር አለበት።

አንደኛ፣ መያዣ አይሆንም። እውነተኛው መረጃ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለም በትክክል የሚያውቅ የለም። መልሱን የማታውቁትን ጥያቄ ጠይቃችሁ «አለፈ» ማለት አትችሉም።

ሁለተኛ፣ የሰው ነው። እዚያ ውስጥ የሰው ስም፣ ስልክ፣ ዕዳ፣ የጤና ተቋም ከሆነም ሕመም አለ። የሙከራ ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ዋናው አይጠበቅም፤ ብዙ ሰው ይገባበታል፤ ቅጂው በላፕቶፕ ይዞራል። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ነው። ስሙን ብቻ መሰረዝም ሁልጊዜ አይበቃም፤ በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜ፣ ጾታና የልጆች ቁጥር ብቻ ተጽፎ ጎረቤት ማን እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል።

ግን እውነተኛው መረጃ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እናንተ ያላሰባችሁትን ያውቃል። ስለዚህ መካከለኛው መንገድ ይሄ ነው፦ መረጃውን ሳይሆን ጠባዩን ውሰዱ። መዝጋቢዋን ጠይቁ፤ «ይሄ ማሽን የቱ ላይ ነው የሚያስቸግርሽ?» በሏት። «ጥቅምት መጨረሻ ላይ» ካለች፣ ማንም ያልሆነ ገበሬ ፍጠሩና ጥቅምት 30 ላይ ቡና አስረክቡት። ከዚያ ወዲያ ያ ረድፍ በየቀኑ፣ ኮዱ በተነካ ቁጥር፣ ሳይደክመው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ፤ ስህተትም ኮዱ ገና እርጥብ ሳለ ሲያዝ ነው የሚቀናው።

ለእናንተ አምስት ረድፍ

ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ወይም ገና ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ በአምስት ረድፍ ጀምሩ። ጥቅምት 30 የገባ ቡና። ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ክልሉን የቀየረ ዞን። በ«ዓ» የተመዘገበ፣ በ«አ» የሚፈለግ ስም። በፈረሱላ የተመዘነ፣ በኪሎ የሚከፈል ቡና። ለእያንዳንዱ ረድፍ ለምን እንደገባ የሚናገር ስም ስጡት፤ ከዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው እናንተው ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አጽዱ። የእውነተኛ ሰው ስም አታስገቡ።

ፕሮግራም ለመጻፍ ያላሰባችሁም ብትሆኑ ሥራ አላችሁ። የቤክን ፊክስቸር፣ የግሬይን ትራንዛክሽን፣ የቶትቦትን ፋብሪካ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ በነፃ መማርና መጠቀም ይችላል። ጥቅምት 30 ቡና እንደሚመዘን የሚያውቀው ግን ከፋ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር «እንዲህ የሚባል ቀን የለም» ሲላችሁ «እሺ» ብላችሁ ቀኑን አትቀይሩለት። ጻፉትና ለሠሪዎቹ ላኩላቸው። አንድ ረድፍ ሰጣችኋቸው ማለት ነው።